ስድስተኛ ማርሽ ፍለጋ፦ በትልቅ ሞተር ማርሽ መቼ ይቀየራል?

ይህ የውይይት ክር ረዝሟል። አዲስ የሚገባው ሁሉ ከላይ ሳያነብ ያንኑ ጥያቄ እየደገመ ስላስቸገረ፣ የመጀመሪያውን ጽሑፌን አስተካክዬ ከሥሩ የመጡትን መልሶች በየተራ ቁጥራቸው፣ በራሴ አነጋገር አስቀምጫለሁ። አጣምሜ ያቀረብኩት ካለ ባለቤቱ ያርመኝ።

ጥያቄው

10 ዓመት ትንሿን ሞተር ሳይክል፣ ያማሃ ኤጂ 100ን ነድቻለሁ። ጅማ ዙሪያ፣ ሰርቦ፣ ማና፣ ሊሙ ገነት፣ ቡና በተለቀመበት ሁሉ ጭቃውን እያረሰች የወሰደችኝ እሷ ናት። ማርሽ መቼ እንደሚቀየር ያስተማረኝ የለም። ስትጮህ እጨምራለሁ፣ ስታቃስት እቀንሳለሁ፣ አለቀ።

አሁን ከውጭ ከተመለሰ ዘመዴ ላይ ያማሃ ኤፍጄአር 1300 ገዛሁ። በፈረንጅ አቆጣጠር የ2004 ሞዴል ነው። 1,298 ሲሲ፣ አራት ሲሊንደር፣ ካቴና (ሰንሰለት) የለው፣ የኋላ ጎማውን የሚያዞረው በሻፍት (በብረት ዘንግ) ነው። ቤንዚን ጋኑ 25 ሊትር ይይዛል። ስፖርት ቱሪንግ የሚሉት ዓይነት ነው፤ ሻንጣ ጭኖ፣ ሰው አፈናጦ ቀኑን ሙሉ እንዲሄድ የተሠራ፣ ሲፈለግ ደግሞ እንደ ስፖርት ሞተር የሚፈተለክ። ችግሩ አይጮህም። በደቂቃ 2,000 ዙር ላይም 4,000 ዙር ላይም ለኔ ጆሮ ያው ነው፤ ጎረቤት ቤት የልብስ ስፌት መኪና ሲሠራ እንደመስማት። ስለዚህ እግሬ እንደለመደው ቶሎ ቶሎ እጨምርና 60 ሳልደርስ አምስተኛ እገባለሁ። ቤንዚን ይቆጥባል ብዬም ነው፤ የነዳጅ ሰልፉን ታውቁታላችሁ።

ባለፈው ወደ አዲስ አበባ ስሄድ የጊቤን ድልድይ ተሻግሬ የወልቂጤን ዳገት እንደያዝኩ ከአንድ ሲኖ ኋላ ገባሁ። 45 ላይ ነን፣ እኔ አምስተኛ ላይ ነኝ። ልቀድመው ነዳጅ ብሰጠው መፈትለኩ ቀርቶ ከሥሬ እንደ ወፍጮ ተንገጫገጨ። መንገጫገጩ በመሪው አልፎ እስከ ክርኔ ይሰማኛል። የሲኖው ወገብ ላይ እንደደረስኩ ከኩርባው አይሱዙ ብቅ አለ። ነዳጁን ለቅቄ ወደ ሲኖው ኋላ ተመለስኩ። ሄልሜቴ ውስጥ ላቤ ወርዶ ዓይኔን አቃጠለው።

ሌላም ልናዘዝ። ከሰኮሩ ወዲያ ያለውን ቁልቁለት ከላይ እስከ ታች ፍሪሲዮን (ክላች) ይዤ በፍሬን ብቻ ነው የወረድኩት፣ ልክ እንደ ኤጂዋ። ሜዳው ላይ ደግሞ ስድስተኛ ለማስገባት እግሬን ደጋግሜ አነሳለሁ። አይገባም።

ስለዚህ ማርሽ የሚቀየረው ስንት ዙር ላይ ነው? ቁጥር ንገሩኝ።

መልሶቹ

መልስ 1 እንኳን ደስ አለህ ብሎ፣ ሞተሩን አዳምጠው፣ ራሱ ይነግርሃል አለኝ። አመሰግናለሁ፣ ግን የጠየቅኩት አይናገርም ብዬ ነው። መልስ 2 ፎቶ ጠየቀ፤ ለጠፍኩለት።

መልስ 3 መናኸሪያ አካባቢ ለረጅም ዓመት የሠሩ መካኒክ ናቸው። ልጄ እያሉ ነው የጻፉልኝ። ስድስተኛውን መፈለግህን ተው፣ የለም አሉ። ይህ ሞተር ከጅምሩ አምስት ማርሽ ብቻ ይዞ መጥቶ፣ ስድስተኛ የተጨመረለት በ2016 ሞዴል ነው። አምስተኛ ላይ ሆኖ ስድስተኛ የማይፈልግ የዚህ ሞተር ባለቤት የለም፣ ያሳፈረህ አንተን ብቻ አይደለም ብለው አጽናኑኝ።

ከዚያ ያልጠበቅኩትን አመጡ። ኤጂ ቱ ስትሮክ ናት። ቱ ስትሮክ ነዳጅ ሲለቁት አይዝም፤ ቁልቁለት ላይ ማርሽ ውስጥ ብትሆንም ባትሆንም ልዩነቱ ትንሽ ነው። ከዚያም በላይ ፒስተኑን የሚያለሰልሰው ዘይት የሚገባው ከነዳጁ ጋር ስለሆነ፣ ነዳጅ ዘግቶ በከፍተኛ ዙር ረጅም ቁልቁለት መውረድ ፒስተኑን ያደርቀዋል። በሷ የተማረ ሰው ቁልቁለት ሲያይ ፍሪሲዮን የሚይዘው ለዚህ ነው፤ ለሷ ልክ ነበር። አራት ሲሊንደር ፎር ስትሮክ ግን ሌላ ነገር ነው። ነዳጁን ለቀቅ ስታደርገው ሞተሩ ራሱ ይይዝሃል፣ ዘይቱም በፓምፕ ስለሚዞር አይደርቅም። ከ250 ኪሎ በላይ የሆነ ብረት፣ አንተና ሻንጣህ ተጨምሮ፣ ከሰኮሩ እስከ ወንዙ በፍሬን ብቻ ወርደህ የፍሬን ዘይትህ ያልፈላው በእግዜር ቸርነት ነው አሉ። የድሮ የከባድ መኪና ሾፌሮች የሚሉትንም ጨመሩልኝ፤ ዳገቱን በምትወጣበት ማርሽ ቁልቁለቱን ውረድ።

እኔ ስለ መጨመር ጠይቄ እሳቸው ስለ መቀነስ መለሱልኝ። መጀመሪያ ከርዕስ የወጡ መስሎኝ ነበር።

መልስ 4 መካኒኩን ጋሼን አከበረና ተቃወመ። እሱ ቁልቁለት ሁሉ ፎሌ (ከማርሽ ውጭ) አድርጎ ነው የሚወርደው። ሞተሩ በዝቅተኛ ዙር ስለሚሠራ ቤንዚን ይቆጠባል፣ በዚህ ዘመን ደግሞ አንድ ሊትር አንድ ሊትር ነው።

መልስ 5 ጅማ ዩኒቨርሲቲ ቂጦ ፉርዲሳ ግቢ መካኒካል ምህንድስና የሚማር ልጅ ነው። ይህን ክር የተሸከመው በአብዛኛው እሱ ስለሆነ እዚህ ላይ እረዝማለሁ። ለመልስ 4 በአጭሩ፣ ኢንጀክሽን (ቤንዚን የሚረጭ መሣሪያ) ባላቸው ሞተሮች ሂሳቡ ይገለበጣል አለው። ማርሽ ውስጥ ሆነህ ነዳጁን ሙሉ በሙሉ ስትዘጋ ብዙዎቹ ቤንዚን መርጨት ያቆማሉ፤ ሞተሩን የሚያዞረው ጎማው ነው። ፎሌ ስታደርግ ግን እንዳይጠፋ ቤንዚን መጠጣት አለበት። ስለዚህ ቁልቁለት ላይ ቤንዚን የሚጠጣው ቆጣቢ ነኝ ባዩ ነው ማለት ነው። ካርቡራቶር ላይ ይህ አይሠራም፤ መልስ 4 የሚነዳው ካርቡራቶር ከሆነ ክርክሩን በቤንዚን ሳይሆን በፍሬን ያድርገው አለ።

ቀጥሎ ወደኔ መጣ። አምስተኛ ላይ በ100 ስትሄድ የዙር ቆጣሪህ ስንት ያሳያል ብሎ ጠየቀኝ፤ 3,300 አካባቢ አልኩት። ከዚያ የማርሾቹን ጥርስ ልክ አምጥቶ አሰላልኝ። ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ ስትቀይር ዙሩ 30 በመቶ ገደማ ይወድቃል፣ ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ 24፣ ከሦስተኛ ወደ አራተኛ 20፣ ከአራተኛ ወደ አምስተኛ 14 ብቻ። ደረጃው ወደ ላይ ሲሄድ ይጠባል። እንግዲህ አንደኛ ላይ 4,000 አድርሰህ ብትቀይር ሁለተኛ ላይ 2,800 ታርፋለህ፤ አራተኛ ላይ በዚያው 4,000 ብትቀይር ግን 3,450 አካባቢ ነህ። ለሁሉም ማርሽ አንድ ቁጥር መጠየቄ ከዚህ የተነሳ ትርጉም የለውም ማለቱ ነው። ማየት ያለብኝ የምነሳበትን ዙር ብቻ ሳይሆን የማርፍበትንም ነው።

ከዚያ የኔን ጥፋት በቁጥር አሳየኝ። 60 ላይ አምስተኛ ስገባ 2,000 ዙር ላይ ነኝ። ሲኖው ኋላ በ45 ስጎተት 1,500 ላይ። ቆሞ ሲሠራ እንኳ 1,000 ይዞራል። ከዚያ ላይ ዳገት፣ ሻንጣ፣ ጨብጦ የተከፈተ ነዳጅ። ዙሩ ዝቅ ብሎ ነዳጅ ሲበዛ ፍንዳታው ፒስተኑን የሚጫነው ረዘም ላለ ጊዜ ነው፣ የክራንኩን ማረፊያዎች ከብረት ለብረት መፋጨት የሚጠብቃቸው የዘይት ሽፋን ደግሞ በዝቅተኛ ዙር ይሳሳል። ሞተሩ ይመታል። በካቴና ሞተር ድንጋጤውን ካቴናው በጥቂቱ ይውጠው ነበር፤ ሻፍት ግን በቀጥታ ያስተላልፈዋል። ክርኔ የሰማው እሱን ነው።

ምክሩ እንዲህ ነበር፦ ሜዳ ላይ በሰላም ስትሄድ ካረፍክ በኋላ ከ2,500 በታች በማትወርድበት ቦታ ቀይር፤ አምስተኛን ከ80 በፊት አትንካት። ዳገት ወይም መቅደም ካለ ነዳጅ ከመስጠትህ በፊት ጠቋሚው ቢያንስ 3,000 አካባቢ ይሁን።

መልስ 6 ይህ ሁሉ ሂሳብ ለምን አስፈለገ አለ። የሞተሩ መግለጫ ላይ ከፍተኛው ቶርክ (የማዞር ኃይል) 7,000 ዙር ላይ ነው ተብሎ ተጽፏል፤ እዚያ ላይ ቀይር፣ አበቃ።

መልስ 7 ወረደብኝ። ወጣቱ ለአንዲት ባለ ሦስት ጎማ ባጃጅ ቤንዚን አጥቶ ሌሊቱን ማደያ ሲያድር፣ 25 ሊትር ጋን ይዞ መቼ ልቀይር እያሉ መንጠባረር ነውር ነው አለ። ጅማ ላይ በኮብልስቶንና በጉድጓድ መሃል ይህን ሞተር መንዳትም ዝሆን በገመድ አስሮ ገበያ እንደመውጣት ነው አለ። ምሳሌው አሳቀኝ፤ ሌላው ግን አመመኝ። አስር ዓመት ያጠራቀምኩት ነው። አልመለስኩለትም።

መልስ 8 ያው የቂጦው ልጅ፣ ለመልስ 6። ትህትናው እዚህ ላይ ቀነስ ብሏል። የሚገፋህ ጎማው ላይ የሚደርሰው ጉልበት እንጂ ሞተሩ ላይ የተጻፈው አይደለም፤ ማርሽ በጨመርክ ቁጥር እሱ ይቀንሳል። እሽቅድምድም ላይ ብትሆን 7,000 ላይ መቀየር ራሱ ስህተት ነው፣ ምክንያቱም ሁለተኛ ላይ ከ7,000 ብትቀይር ሦስተኛ ላይ 5,300 ላይ ትወድቃለህ። የፈረስ ጉልበቱ ጫፍ 8,000 ላይ፣ ቀዩ መስመር 9,000 ላይ ስለሆነ፣ 8,500 አድርሰህ ብትቀይር ነው 6,450 አካባቢ፣ ሞተሩ ገና በጠነከረበት የምታርፈው። መንገድ ላይ ግን ሁለተኛ ማርሽ በ7,000 ዙር ከ110 በላይ ነው። ሰርቦ መግቢያ ላይ ከፍየሎቹ መሃል ሞክረውና ንገረን አለው። መልስ 6 ተመልሶ አልመጣም።

በዚሁ መልስ ውስጥ ሳትታሰብ ያለፈች አንዲት ነገር ነበረች፤ ሁለተኛ ማርሽ እስከ ቀዩ ከተገፋ 140 ያልፋል። ደግሜ አነበብኩት። በኤጂዋ ሁለተኛ ማለት ከጭቃ መውጫ ማርሽ ነው፣ ትንሽ ከሄድክበት ትጮህብሃለች። እኔ ኤፍጄአሩ ላይም ሁለተኛን እንደዚያ ነበር የማያት።

መልስ 9 አድሚኑ። ለመልስ 7 ማስጠንቀቂያ ሰጠ፣ ለመልስ 8ም ለስለስ እንዲል ነገረው።

መልስ 10 ጤና ጣቢያዎችን በሞተር የምትዞር እህታችን ናት። መጀመሪያ የተማረችባት ትንሽ ሞተር ሁሉም ማርሽ ወደ ታች እየተረገጠ የሚገባባት ነበረች። ወደ ተለመደው ዓይነት፣ አንደኛ ወደ ታች ሌላው ወደ ላይ ወደሆነው፣ በተዛወረች በሳምንቷ አጂፕ ጋ ዝናብ ይዟት ማርሽ ልትጨምር ብላ በልማዷ ረገጠች። ማለት ቀነሰች። ነዳጁ ተዘግቷል፣ ፍሪሲዮኑን ባንዴ ለቀቀችው፣ የኋላ ጎማው እርጥቡ አስፋልት ላይ ቆለፈና ሞተሯ እንደ መጥረጊያ ወደ ጎን ጠረገች። ወደቀች ግን አልተጎዳችም፤ ካፖርቷ ብቻ ከክንዱ ተቀደደ። ምክሯ ስንቀንስ ስለምናደርገው ነው፦ አንድ አንድ ማርሽ እንጂ ሁለት ሦስት ባንዴ አትዝለሉ፤ ፍሪሲዮኑ በተያዘበት ቅጽበት ነዳጁን ነካ አድርጋችሁ ዙሩን ከፍ ካደረጋችሁ በኋላ ቀስ ብላችሁ ልቀቁት፤ ዝናብ ላይ ደግሞ ቀጥ ባላችሁበት እንጂ በኩርባ መሃል አይሁን። ከግንቦት እስከ መስከረም ጅማ ላይ ዝናብ የሌለበት ቀን ስለማይበዛ፣ ይህ ከዙር ቁጥሩ ይበልጥ የሚያስፈልገን ይመስለኛል።

ከመልስ 11 እስከ 13 ስለ ዘይት ነው። አንዱ ማርሹ እየከበደው፣ አንደኛ ሲያስገባ ጓ እያለ አስቸግሮት የመኪና ዘይት ለውጦ ቀለለልኝ አለ። ሌላው አስጠነቀቀው፤ የሞተር ሳይክል ፍሪሲዮን የሚሠራው ከሞተሩና ከካምቢዮው (ከማርሽ ሳጥኑ) ጋር በአንድ ዘይት ውስጥ ተነክሮ ነው፣ ሰበቃ የሚቀንስ ቅመም ያለበት የመኪና ዘይት ከገባ ይንሸራተታል። ምልክቱ ዙሩ እየጨመረ ፍጥነቱ አለመጨመሩ ነው። ጀሪካኑ ላይ ጃሶ ኤምኤ የሚል የሞተር ሳይክል ዘይት ምልክት ካለ ውሰድ አለው። ሦስተኛው አምስት ዓመት በናፍጣ ዘይት ነድቻለሁ ምንም አልሆንኩም ብሎ ዘጋው። መልስ 3ትን የጻፉት ጋሼ በመሃል ገብተው ሻፍቱ ኋላ ላይ የራሱ ዘይት እንዳለው፣ መቼ እንደተቀየረ ሻጩን እንድጠይቅ አስታወሱኝ። ዘመዴ ኋላ ላይ ዘይት መኖሩንም አያውቅም ነበር።

መልስ 14 ስለ ቃላት ነው። ማርሽ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ካንዴላ፣ ማርሚታ፣ ፎሌ፣ ሁሉም ጣሊያንኛ ናቸው አለ። ጋራዥ ውስጥ ቆሞ አማርኛ ብቻ እናገራለሁ የሚል ሰው ዝም ማለት ነው ያለበት። ይህ ቅርንጫፍ አምስት ስድስት ቀልድ አፍርቶ ስለነበር አድሚኑ ወደ ሌላ ክር ወሰደው።

መልስ 15 አዲስ አበባ ያለ፣ ሆንዳ ቪኤፍአር 800 የሚነዳ ነው። የሱ ሞተር ከ2002 ወዲህ ካሉት ነው፤ ከ6,800 ዙር አካባቢ በታች በየሲሊንደሩ ሁለት ቫልቭ ብቻ ይሠራል፣ ከዚያ ሲያልፍ አራቱም ይከፈታሉ፣ ድምፁም ግፊቱም ባንዴ ይለወጣል። ኩርባ ውስጥ ገብቶ ያቺን መስመር እንዳያቋርጥ አስቀድሞ ማርሹን ይመርጣል። ያንተ አራት ሲሊንደር ከታች ጀምሮ ለስላሳ ስለሆነ የኔን ቁጥር አትውሰድ አለ። ቁጥሩን ከመስጠት ይልቅ አትውሰድ ያለኝ የመጀመሪያው ሰው ነው።

መልስ 16 ከፍታን አመጣ። ሞተር አየር የሚስበው ራሱ ከሆነ ከባሕር ወለል በየ1,000 ሜትሩ ጉልበቱ 10 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ጅማ 1,750 አካባቢ ናት፣ ጊቤ ወንዙ ጋ 1,100 ገደማ፣ አዲስ አበባ 2,300 ያልፋል። ስለዚህ ፈረንጅ አገር ለባሕር ዳርቻ የተጻፈ ቁጥር እዚህ አይሠራም፣ ማርሹን ትንሽ አቆይተህ ቀይር ማለቱ ነው።

መልስ 17 ተቆጣ። 140 የፈረስ ጉልበት ላለው ሞተር 20 በመቶ ቢነሳለትስ ማን ያስተውለዋል? ደብረ ብርሃን ላይ በ125 ሲሲ እየነዳን ስለ ከፍታ አንድም ቀን አላወራንም፤ መጽሐፍ ያነበበ ሁሉ መካኒክ ሆነ ብሎ ዘለፈው።

መልስ 18 ሁለቱንም ለማስታረቅ ሞከረ። ጉልበቱ በርግጥ ይተርፋል፤ ግን ችግሩ ጉልበት ባነሰበት ዙር ላይ ስትሆን ነው። 1,500 ላይ ሆነህ ያለችህ ትንሽ ናት፣ ከሷም ላይ ከፍታው ይቆርጣል። አንባቢ ይፍረድ። እኔ ለመልስ 16 ፈርጃለሁ፣ ዘለፋው ደግሞ ያሳፍራል።

መልስ 19 የመጣው ከሁለት ቀን ዝምታ በኋላ ነው። ከጅማ አዲስ አበባ ቡና የሚያመላልስ የከባድ መኪና ሾፌር ነው። ሞተር ነድቶ አያውቅም፣ ይቅርታ ብሎ ነው የጀመረው። ከጋቢናዬ ሆኜ በስፖኪዮው የማየውን ልንገራችሁ አለ። ጊቤ ዳገት ላይ ሞተረኛው ከኋላዬ ተለጥፎ ይመጣል፣ ጭሴን እየጠጣ፣ መንገዱን ስለማያይ አንገቱን ያስግጋል። ክፍት መስሎ ሲታየው ያን ጊዜ ነዳጅ ይሰጣል፣ ሞተሩ ግን አይሄድለትም፤ ያን ጊዜ ማርሽ ይፈልጋል፣ በኔ ጎማ አጠገብ ሆኖ እግሩ ሲርመሰመስ አያለሁ። ክፍቱ እስከዚያ ያልፋል። የሚያልፈው ዓይነት ሰው ግን ገና ከሩቅ ይታወቃል። ወደ ኋላ ይቀራል፣ ራቅ ይላል፣ ድምፁ ሲለወጥ እሰማዋለሁ፣ ማርሹን ቀንሶ ጨርሷል ማለት ነው፤ እንዲያውም እኔ የምረሳው እስኪመስለኝ ድረስ እዚያው ይቆያል። ከዚያ መንገዱ ሲከፈት አንዴ ነው፣ በስፖኪዮ ሳላየው ፊቴ ይገኛል።

ማታውን ይህን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። እኔ ስንት ዙር ላይ ልቀይር ብዬ ስጠይቅ፣ የጎደለኝ ያኔ ዳገቱ ላይ ሲኖው ጋ ከመድረሴ በፊት የነበሩት አራት ወይም አምስት ሰኮንዶች ናቸው።

መልስ 20 የራሴ ነው። መጀመሪያ ወደ ጅሬን ወጣሁ፣ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ወዳለበት። ዳገቱን አራተኛ ላይ አንዴ፣ ሦስተኛ ላይ አንዴ፣ ተመልሼ ደግሞ ከላይ ወደ ታች ፍሬን ሳልነካ በማርሽ ብቻ። ሲወርድ ሞተሩ እንደ ሰው ከኋላ ቀበቶዬን ይዞ ነው የወረደው። አስር ዓመት ይህ ስሜት አልነበረኝም። ልጆች ተበላሽቶበት ነው ብለው ሊገፉልኝ ሮጡ።

ቅዳሜ ጊቤ ወረድኩ። ቁልቁለቱን በጋሼ ምክር፣ በምወጣበት ማርሽ። ድልድዩ ጋ ዝንጀሮዎቹ መንገድ ዳር እንደ ወትሮው ተሰልፈዋል። ዳገቱን ስጀምር ሌላ ሲኖ፣ ድንጋይ ጭኖ፣ በ45። ወደ ኋላ ቀረሁ፣ የሲኖው የኋላ ሰሌዳ ቁጥር ለማንበብ እስኪቸግረኝ ድረስ። ሦስተኛ አስገባሁ። ጠበቅኩ። አንዱ ኩርባ አለፈ፣ ሁለተኛው አለፈ፣ ከኋላዬ ሚኒባስ ጡሩንባ ነፋብኝ፣ አልሰማሁትም። ከዚያ መንገዱ ወደ ግራ ተዘርግቶ እስከ ሩቅ ታየ፣ ባዶ። እጄን ብቻ አዞርኩ። እግሬ የትም አልሄደም። 60 ላይ ጠቋሚው 3,800 ነበር፣ 80 ሳልፍ 5,000 አለፈ፣ ያን ጊዜም ገና ይቀረዋል። ሲኖው በመስታወቴ ውስጥ ትንሽ ነገር ሆኖ ቀረ። ሚኒባሱ እዚያው ጭሱን ይጠጣል።

መልስ 21 የቂጦው ልጅ ደስታዬን ሳያስጨርሰኝ አረመኝ። 60 ላይ 3,800 ከሆነ ሦስተኛ ላይ አልነበርክም፤ ሦስተኛ ቢሆን 2,900 አካባቢ ነበር የምታየው። በሂሳቡ ሁለተኛ ላይ ነህ። የ2004ቱ ሞዴል ስንተኛ ማርሽ ላይ እንዳለህ የሚያሳይ ቁጥር የለውም፣ አንድ ጊዜ ሳታውቀው ተጨማሪ ረግጠሃል። ያ ያልወደድካት ሁለተኛ ናት ያሳለፈችህ አለኝ። እውነቱን ነው። አውቄ ቢሆን ኖሮ ፈርቼ እጨምር ነበር።

መልስ 22 ጋሼ ናቸው። ማርሹን የሚቆጥር ሳይሆን ዙሩን የሚያይ ይሻላል ካሉ በኋላ የሻፍቱን ዘይት አሁንም አልቀየርክም አይደል ብለው ጠየቁኝ። አልቀየርኩም።

መልስ 23 ወልቂጤ ላይ ጥሩ ክትፎ የት እንዳለ ጠየቀ። አሥራ ምናምን ሰው መለሰለት፤ በዚህ ክር ውስጥ ሁሉም የተስማማበት ጉዳይ እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። አላስገባሁትም።

መልስ 24 ያ የመልስ 7 ወንድሜ ተመለሰ። ስለ ኤፍጄአሩ ምንም አላለም። ኤጂዋን ሸጥካት ወይ፣ ካልሸጥካት ስንት ነው ብሎ ብቻ ጠየቀ። አልሸጥኳትም፣ አልሸጥም አልኩት። ሰኞ ጠዋት ማና መሄድ አለብኝ፤ ከየቡ ወዲያ ያለው መንገድ ሌሊቱን ዘንቦበታል።